ጣታችን ላይ የተሰካው ብርሃን፦ «የሀብታም አገር ጨዋታ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። በሁለት ቀን ውስጥ አራት ሰው ልኮልኛል። አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት፤ «አንተ እዚህ ሥራ ውስጥ ስላለህ ነው፣ እውነት ነው ወይ?» ትላለች። ይህ ምላሽ መጀመሪያ ለእሷ የተጻፈ መልስ ነበር፤ እየረዘመ ሄዶ እዚህ ደረሰ።

ጽሑፉ የሚያወራው ብርሃንን ተጠቅመው የሰውን አካልና አንጎል ስለሚያሳዩ መሣሪያዎች ነው። ጸሐፊው የሚሉት ሲጠቃለል ይህ ነው። ብርሃን ከቆዳ ስለማያልፍ በብርሃን ሰውነትን ማየት ማስታወቂያ እንጂ ሳይንስ አይደለም። ታየ የተባለው ሁሉ የታየው አይጥ ላይ ነው፤ አንድም ሕመምተኛ አልተጠቀመበትም። ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ሌዘር ጨረር ስለሆነ ያስፈራል። የነገሩ መጨረሻ የሰውን ሐሳብ ማንበብ ነው። ይህ ሁሉ ቢቀር እንኳ ጓንትና ፋሻ ለቸገረው አገር የሀብታም ጨዋታ ነው።

ጸሐፊው ለአገራቸው ተቆርቁረው እንደጻፉ ያስታውቃል። አንዳንዱን ነጥባቸውን እኔም እጋራለሁ፤ በየቦታው አነሳዋለሁ። ግን ሥራዬ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ነው። ጸሐፊው «ማስታወቂያ» ያሏቸውን ዕቃዎች በየሳምንቱ ከፍቼ እዘጋቸዋለሁ። ዝም ብል ጽሑፉን አምኖ የሚቀር ሰው ይኖራል ብዬ ሰጋሁ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ብርሃን ከቆዳ አያልፍም»

ልጆች ሳለን ማታ መብራት ሲጠፋ ባትሪ አብርተን አፉን በመዳፋችን እንደፍን ነበር። በጣቶቻችን መካከል ያለው ሥጋ እንደ ፍም ይቀላል። ያ ቅላት የቆዳው ቀለም አይደለም። ቆዳውን፣ ሥጋውንና ደሙን ሰንጥቆ በሌላው ወገን የወጣ ብርሃን ነው። ቀይ ብቻ የሆነበትም ምክንያት አለው፦ ደም ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን አጥብቆ ይመጥጣል፣ ቀዩን ግን ያሳልፋል። ከቀይ ቀጥሎ ያለውና ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ደግሞ ከዚያም ጠልቆ ይገባል። የሞገድ ርዝመቱ ከ650 እስከ 950 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ በሆነው ክልል ደምም ውሃም ብርሃንን ብዙ አይመጥጡም። ባለሙያዎቹ ይህን ክልል «መስኮት» ይሉታል።

ስለዚህ ብርሃን ከቆዳ ያልፋል። ከቆዳ አልፎ የሚገጥመው ችግር ሌላ ነው፤ መንገዱን ይስታል። ጣርማ በርን በጉም ያቋረጠ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። የመኪናው መብራት በርቷል፣ ጉሙም ብርሃኑን አልዋጠውም። ግን እያንዳንዷ ጠብታ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ስለምትበትነው ከፊትህ ያለው አይሱዙ አይታይህም። ሥጋም እንዲሁ ነው፤ አንጎል ደግሞ ከሥጋም የባሰ ጉም ነው። የዚህ ሙያ የሃምሳ ዓመት ታሪክ በአንድ ቃል ቢጠየቅ «ጉሙን እንዴት እንለፈው?» የሚል ነው። መልሱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱን ከዚህ በታች በዝርዝር አነሳለሁ፣ ሌሎቹ በየቦታቸው ይመጣሉ።

የመጀመሪያው ኦሲቲ የሚባለው የዓይን መሣሪያ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶት ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ የዓይን ሕክምና ማዕከል ገብተህ «አገጭህን እዚህ አሳርፍ፣ አረንጓዴዋን ምልክት ተመልከት፣ ዓይንህን አታርገብግብ» ትባላለህ። ከአፍታ በኋላ ስክሪኑ ላይ ከዓይንህ ኋላ ያለው ሬቲና ልክ በቢላ እንደተቆረጠ የተነባበረ እንጀራ ንብርብሩ ተለይቶ ይወጣል። በንብርብሮቹ መካከል ጥቁር ጉድጓድ ከታየ ፈሳሽ ቋጥሯል ማለት ነው፤ ሐኪሙ የዓይን መርፌ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው ያንን አይቶ ነው። የተቆረጠ ነገር የለም። መርፌ እንኳ አልነካህም።

አሠራሩ የገደል ማሚቶ ዓይነት ነው። ድምፅ ሄዶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ቆጥረህ የገደሉን ርቀት ታውቃለህ። ብርሃን ግን በሴኮንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ ከሬቲና የተመለሰበትን ጊዜ የሚቆጥር ሰዓት አይገኝም። ስለዚህ ብርሃኑን ለሁለት ይከፍሉታል፤ አንዱን ወደ መስታወት አንዱን ወደ ዓይን ይልኩታል። ሁለቱ እኩል መንገድ ተጉዘው ሲመለሱ ብቻ ሞገዳቸው ተገናኝቶ ምልክት ይሰጣል። በጉሙ ውስጥ ሲባዝን ቆይቶ ዘግይቶ የደረሰው ብርሃን አቻ ስለማያገኝ ይጣላል። በዚህ መንገድ ከ5 እስከ 10 ማይክሮን የሚደርስ ነገር ተለይቶ ይታያል፤ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን አስቡት። ዴቪድ ሁዋንግ፣ ኤሪክ ስዋንሰንና ጄምስ ፉጂሞቶ ከባልደረቦቻቸው ጋር 1991 ላይ ያሳተሙት ሥራ ነው። 2023 ላይ ሦስቱ የላስከርን የሕክምና ሽልማት ሲቀበሉ መሣሪያው ዓለምን ካዳረሰ ቆይቷል።

ጸሐፊው «የትኛው ሐኪም በብርሃን ሲያይ አይተናል?» ብለው ጠይቀዋል። የዓይን ሐኪም ሁሉ።

«ሁሉም አይጥ ላይ ነው፣ አንድም ሕመምተኛ አልተጠቀመም»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው እዚህ ላይ ነው የታወሰኝ። ጸሐፊው ራሳቸው በኮቪድ ጊዜ ጣታቸው ላይ ሰክተውት የማያውቁ አይመስለኝም። ያቺ ልብስ መቆንጠጫ የምትመስል ትንሽ ዕቃ፣ ነርሶቹ «ሳቹሬሽን ስንት ነው?» ሲባባሉ የሚያነቧት ኦክሲሜትር፣ በብርሃን እንጂ በሌላ በምንም አትሠራም። በአንድ በኩል ሁለት ትናንሽ አምፖሎች አሏት፦ አንዱ 660 ናኖሜትር ገደማ ቀይ፣ ሌላው 940 ገደማ ኢንፍራሬድ። በሌላ በኩል ብርሃን ተቀባይ አለ። ኦክሲጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች የሚመጥጡት በተለያየ መጠን ነው። ደሙ ከመቶ ስንት እጁ ኦክሲጅን እንደያዘ የሚናገረው ቁጥር ከጥምርታው ይወጣል። ሥዕል አትሰጥም፤ በዚህ ምክንያት «ምስል ማንሻ» አትባልም ቢሉኝ አልከራከርም። ግን ቆይቼ የማነሳው የአንጎል ቆብ የእሷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ፊዚክሳቸው አንድ ነው።

ታሪኳ ደግሞ ቢነገር ደስ ይለኛል። ታኩኦ አዮያጊ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሚሞክረው ሌላ ነገር ነበር፦ ቀለም ደም ሥር ውስጥ ተወግቶ ጆሮ ላይ በብርሃን እየተከታተሉ ልብ የሚረጨውን ደም መለካት። የልብ ምቱ ግን ንባቡን እያወዛወዘ አስቸገረው። ያን ውዝዋዜ ለማጥፋት ሁለተኛ ብርሃን ጨመረ። ሲያጠፋው ውዝዋዜው ውስጥ የደም ወሳጁ የኦክሲጅን መጠን ተደብቆ እንዳለ አስተዋለ። የሚወዛወዘው የደም ወሳጅ ደም ብቻ ነውና የተረፈውን ሥጋ፣ አጥንትና ጥፍር ከሒሳቡ አውጥቶ መጣል ተቻለ። 1974 ላይ ይፋ አደረገው። ሰውየው ያረፈው በሚያዝያ 2020 ነው፤ በዚያው ወር ዓለም በሙሉ የእሱን መሣሪያ ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ይዞር ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደህንነት መቆጣጠሪያ ዝርዝርም ታማሚው ማደንዘዣ ከመውሰዱ በፊት ኦክሲሜትር ተደርጎለት እየሠራ መሆኑ ይረጋገጥ ይላል።

«አንድም ሕመምተኛ» የሚለው እዚህ ላይ ያበቃል። ግን ጸሐፊው አንጎልን ስላነሱ የአንጎልም ምሳሌ ልስጥ። ግሊዮማ የሚባለው የአንጎል ዕጢ ክፉነቱ ዳሩ የማይታወቅ መሆኑ ነው፤ ጤነኛው ክፍልና ዕጢው ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ቀዶ ሐኪሙ ብዙ ቢቆርጥ ንግግር ወይም እጅ እግር ሊጎዳ ነው፣ ጥቂት ቢቆርጥ ዕጢው ይተርፋል። ስለዚህ ታማሚው ከማደንዘዣው ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ 5 ኤኤልኤ የሚባል መድኃኒት በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። የዕጢው ሕዋሳት ከመድኃኒቱ ብርሃን ሰጪ ንጥረ ነገር ይሠሩና ያከማቻሉ። የቀዶ ክፍሉ መብራት ደብዝዞ የማይክሮስኮፑ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራ ጤነኛው አንጎል ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ ዕጢው ግን እንደ ጋለ ብረት ቀይ ሮዝ ሆኖ ይፈካል። ጀርመን ውስጥ ተካሂዶ 2006 ላይ በታተመው ጥናት የሚታየው ዕጢ ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው በዚህ ብርሃን 65 በመቶ፣ በተለመደው ነጭ ብርሃን 36 በመቶ ነበሩ። ሕመሙ ሳይባባስባቸው ስድስት ወር የቆዩት ደግሞ 41 በመቶ ለ21 በመቶ። በጠቅላላ ዕድሜ ላይ ግን ጥናቱ ግልጽ ልዩነት አላሳየም፤ ይህንንም መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም እዚህ ሙያ ላይ የሚጋነን ወሬ መኖሩን ጸሐፊው አልዋሹም። አሜሪካ መድኃኒቱን በ2017 ፈቅዳለች፤ አውሮፓ ከዚያ አሥር ዓመት ቀድማ።

አይጧን በተመለከተ ግን ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የአንጎልን ሕዋስ አንድ በአንድ ሲሠራ የሚያሳዩት ምስሎች በአብዛኛው ከአይጥና ከትናንሽ ዓሦች የመጡ ናቸው። ለምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል።

አንድ የነርቭ ሕዋስ ሲቀሰቀስ ካልሲየም ወደ ውስጡ ይገባል። ተመራማሪዎች ከጄሊፊሽ በተገኘ አብሪ ፕሮቲን ላይ ተመሥርተው ካልሲየም ሲያገኝ የሚፈካ ፕሮቲን ሠርተዋል፤ ጂካምፕ ይሉታል። ይህን ፕሮቲን ሕዋሱ ራሱ እንዲያመርተው ዘረ መሉን መንካት ያስፈልጋል። ጤነኛ ሰው አንጎል ላይ ይህን የሚያደርግ የለም፤ ማድረግም አይገባም። ፍካቱን ለማየት ደግሞ ዊንፍሬድ ዴንክ፣ ጄምስ ስትሪክለርና ዋት ዌብ በ1990 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሠሩት የሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ አለ (ፎቶን የብርሃን ቅንጣት ነው)። ይህ የጉሙ ሁለተኛ መልስ ነው፤ ከሁሉም በላይ የማደንቀውም እሱን ነው። ሐሳቡን በወረቀት ላይ ያሰላችው ማሪያ ጎፐርት ማየር ናት፣ በ1931፦ አንድ ሞለኪውል ሁለት ደካማ ፎቶኖችን በአንድ ቅጽበት ቢቀበል እንደ አንድ ብርቱ ፎቶን ይቆጥራቸዋል። ሁለት ፎቶን በአንድ ቅጽበት አንድ ቦታ የመገናኘት ዕድል ያለው ሌዘሩ በሌንስ ተሰብስቦ ባረፈበት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። እንግዲህ ፍካቱ ሲወጣ ጉሙ የፈለገውን ያህል ቢበትነው ምን ገዶን፤ ከየት እንደተነሳ አስቀድመን እናውቃለን! ነጥቧን እያንቀሳቀሱ ሥዕሉን ይሞሉታል። ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይደርሳል።

አንድ ሚሊ ሜትር ለአይጥ ብዙ ነው፤ 86 ቢሊዮን የነርቭ ሕዋስ ላለው ለሰው አንጎል ግን ገና ደጃፉ ነው። የዜብራ ዓሣ እጭ የተመረጠችው ደግሞ በተፈጥሮዋ ብርሃን የምታሳልፍ ስለሆነች ነው። በ2013 ሚሻ አረንስና ፊሊፕ ኬለር በሌላ ማይክሮስኮፕ፣ ብርሃኑን እንደ ስስ አንሶላ ዘርግተው፣ ከእጯ 100,000 ያህል የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ 80 በመቶውን በየ1.3 ሴኮንዱ ቀረጹ። በሕይወት ያለ አንጎል ከሞላ ጎደል ሙሉውን ሲሠራ የታየበት ነበር። ከዓሣ የተገኘውን ለሰው አድርጎ የሚያወራ ካለ ጸሐፊው መቃወማቸው ልክ ነው። ዋጋ የለውም ማለት ግን ሌላ ነው። የአልዛይመር ሕመም ምልክት የሆነችው የፕሮቲን ጓል በ24 ሰዓት ውስጥ ልትፈጠር እንደምትችል የታወቀው በ2008 ሕያው አይጥ አንጎል ውስጥ በዚሁ በሁለት ፎቶን ማይክሮስኮፕ ነው። ከዚያ በፊት ይታይ የነበረው የሞተ አንጎል ነው፤ የሞተ አንጎል ደግሞ ነገሩ መቼ እንደጀመረ አይናገርም።

ጸሐፊው «ቆዳን እንደ መስታወት የሚያደርግ ቅባት» ስለተባለው ዜና አንስተው የማጭበርበሪያ ማስረጃ አድርገውታል። በመስከረም 2024 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ነው። ለስላሳና ከረሜላ ቢጫ የሚያደርገው ታርትራዚን የተባለ የምግብ ቀለም በብዛት ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የአይጥ ቆዳ ላይ ሲቀባ ቆዳዋ ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ከሥሩ የሆድ ዕቃዋና የራስ ቅሏ ደም ሥሮች ታዩ፤ ታጥቦ ሲወጣ ቆዳው ወደነበረበት ተመለሰ። ይህ አስማት አይደለም። ነጭ ወረቀት ላይ ዘይት ጠብ ሲል ቦታው ብርሃን ያሳልፍ የለ? ወረቀቱ የሚያግደው በክሮቹና በመካከላቸው ባለው አየር የብርሃን ፍጥነት ስለሚለያይ ነው፤ ዘይቱ የአየሩን ቦታ ሲይዝ ልዩነቱ ይጠብና ብርሃኑ ሳይበተን ያልፋል። ቀለሙም ብርሃን ቆዳው ውሃ ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት በስቡና በፕሮቲኑ ውስጥ ካለው ጋር ያቀራርበዋል። የተሠራው አይጥ ላይ ነው፤ የሰው ቆዳ ደግሞ በብዙ እጥፍ ይወፍራል። ዜናው ይህን ሳይጠቅስ ከሮጠ ጥፋቱ የዜናው ነው፤ ጥናቱ ራሱ አልደበቀውም። ቤታችሁ እንዳትሞክሩት አደራ።

«ጨረር ነው፣ ካንሰር ያመጣል»

ይህን ባጭሩ ልለፈው። ራጅና ሲቲ ስካን የሚጠቀሙት ጨረር ከአተም ኤሌክትሮን ነቅሎ ዘረ መልን ሊጎዳ የሚችል ነው፤ መጠኑ የሚቆጠረውም ለዚህ ነው። ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን ያን የሚያደርግ ጉልበት የለውም። የሌዘር አደጋ ሁለት ነው፦ ሙቀት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይን። ለሁለቱም የተወሰነ ወሰን አለ፣ መሣሪያው ላይ ይጻፋል፣ እኛም እንለካለን። እንዲያውም ተመራማሪዎች ጨቅላ ሕፃናት ላይ ብርሃንን የሚመርጡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

«መጨረሻው ሐሳባችንን ማንበብ ነው»

የአክስቴ ልጅ ያስጨነቃት ይህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልመልስ።

ጭንቅላት ላይ የሚደፋው የብርሃን ቆብ ኤፍኒርስ ይባላል። መነሻው ፍራንስ ዮብሲስ በ1977 ያሳተመው ሥራ ነው። ከቆቡ ኢንፍራሬድ ብርሃን ወደ ራስ ቅል ይላካል፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ተቀባይ አለ። ብርሃኑ በጉሙ ውስጥ እየተበተነ ሲሄድ መንገዱ ሙዝ የሚመስል ቅስት ይሠራል፤ የቅስቱ ሆድ የአንጎልን ላይኛ ሽፋን ነክቶ ይመለሳል። ጥልቀቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። የሚለካው ምንድን ነው? ያው ኦክሲሜትሯ የምትለካውን ነው፤ የደም ኦክሲጅንን። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ደም ይጎርፍለታል፣ ጉርፉ ጫፍ የሚደርሰውም ከአምስት ስድስት ሴኮንድ በኋላ ነው። ቃል ግን ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይታሰባል። በዚህ መንገድ «አሁን የመስማት ክፍሉ እየሠራ ነው» ማለት ይቻላል፤ የሰማው ምን እንደሆነ ግን ከደሙ አይነበብም።

ገንዘብ ያልቸገረው ፌስቡክ ሞክሮት ነበር። በ2017 ሰው ሳይናገር በሐሳቡ በደቂቃ 100 ቃል የሚጽፍበትን በብርሃን የሚሠራ መሣሪያ እሠራለሁ ብሎ አስታወቀ። በሐምሌ 2021 ጭንቅላት ላይ የሚደረገውን የብርሃን መሣሪያ ትቻለሁ ብሎ እጅ አንጓ ላይ ወደሚታሰር መሣሪያ ዞረ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖ ቀረ። በ2025 ደግሞ የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብርሃን የአዋቂ ሰውን ጭንቅላት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሰንጥቆ ማለፉን በመጀመሪያ ጊዜ አሳዩ። የምታልፈው ከቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ፎቶን አንዷ ገደማ ናት። ከስምንት ፈቃደኞች የተሳካው በአንዱ ብቻ ሲሆን እሱም ቆዳው ነጭ፣ ራሱም ፀጉር አልባ ነበር። ሰው ሳያውቅ ከሩቅ ሐሳቡን መስረቅ ለሚያሰጋው ይህ ቁጥር ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ያን አንድ ሰው ግን እንያዘው። ነጭ ቆዳና ፀጉር አልባ። ወደ መጨረሻው ነጥብ የሚወስደኝ እሱ ነው።

«ጓንት ለቸገረው አገር የሀብታም ጨዋታ ነው»

ከጽሑፉ ሁሉ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የተለመደው ኤምአርአይ በመዳብ የተሸፈነ ክፍል፣ የሚቀዘቅዝበት ሂሊየምና የማይቆራረጥ መብራት ይፈልጋል፤ አንዱ ቢጎድል ቆሞ ይቀራል። የብርሃን መሣሪያ ብዙውን ጊዜ አምፖል፣ ሌንስና ብርሃን ተቀባይ ነው። በባትሪ ይሠራል። ሲበላሽ እኔ ልጠግነው እችላለሁ።

የቲቢ ላብራቶሪን እንውሰድ። በድሮው አሠራር ባለሙያዋ አክታውን በቀይ ቀለም አቅልማ፣ ዘይት ጠብ አድርጋ፣ በ1,000 እጥፍ ማጉያ ሰማያዊ መደብ ላይ ቀጫጭን ቀይ ዘንጎችን ትፈልጋለች፤ አንዱ ስላይድ ዓይን ያፈዛል። ፍሎረሰንስ በሚባለው ዘዴ ሲሆን አክታው ኦራሚን በተባለ ቀለም ይቀለማል፤ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ባክቴሪያው በጥቁር መደብ ላይ እንደ ሌሊት ኮከብ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። በዝቅተኛ ማጉያ ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ ስለሚታይ ሥራው በብዙ ይፈጥናል፣ አሥር በመቶ ያህልም የበለጠ ያገኛል። ድሮ ይህ ብርሃን የሚገኘው ከሜርኩሪ አምፖል ነበር፤ ውድ፣ የሚግል፣ ከጥቂት መቶ ሰዓት በኋላ የሚሞት፣ ጨለማ ክፍል የሚፈልግ። የሞተ የሜርኩሪ አምፖል ተተኪ አጥቶ ማይክሮስኮፑ በጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠባቸውን ቦታዎች አውቃለሁ። ኤልኢዲ የሚባለው ትንሽ አምፖል መጣና ይህን ሁሉ ሻረው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 በኤልኢዲ ማይክሮስኮፕ እንዲተካ መከረ። «አሁን እኮ ጂን ኤክስፐርት መጥቷል» የሚለኝ ይኖራል፤ የቲቢን ዘረ መል ፈልጎ የሚያገኘው ማሽን ማለቱ ነው። ጂን ኤክስፐርት ውስጡን ቢከፍቱት ውጤቱን የሚያነበው በፍሎረሰንስ ብርሃን ነው።

ከዚህ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። በኮቪድ ጊዜ አንዲት ነርስ «ኦክሲሜትሩ ተበላሽቷል» ብላ ጠራችኝ። አልጋው ላይ ያለው ጎልማሳ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ሁለት ቃል አገናኝቶ መናገር አልቻለም፤ መሣሪያው ግን 94 ይላል፣ ብዙ የማያሰጋ ቁጥር። በራሴ ጣት ሞከርኩት፤ ይሠራል። ሌላ አምጥቼ ሰካሁለት፤ 93። ደሙ ከደም ወሳጅ ተቀድቶ ሲመረመር 86 ሆነ፣ አደገኛ ዝቅታ። ኦክሲጅኑ ወዲያው ተጨመረለት፣ ደግነቱ ተረፈ። እኔም መሣሪያውን ፈትቼ አጽድቼ፣ አምፖሉን ለክቼ፣ ምንም ሳላገኝበት መለስኩት። ጣት ሲቀዘቅዝም፣ ደም ሲያንስም ንባብ ይሳሳታል፤ ያ ሰው ላይ የሆነው በቆዳ ምክንያት ብቻ ነው ብዬ አልምልም።

ግን በታኅሣሥ 2020 ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የወጣውን ጥናት ሳነብ ያ አልጋ ነው ዓይኔ ላይ የመጣው። ኦክሲሜትሩ ከ92 እስከ 96 ሲያነብ ትክክለኛው ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች 11.7 በመቶ ጊዜ ነበር። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ምክንያቱ ፊዚክስ ነው። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን የተባለ ንጥረ ነገር ቀዩን ብርሃን ከኢንፍራሬዱ አብልጦ ይመጥጣል፤ መሣሪያው ጥምርታውን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ደግሞ በፈቃደኞች ላይ ተለክቶ በተሠራ ሠንጠረዥ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2013 መመሪያው የጠየቀው ቢያንስ አሥር ሰው ላይ እንዲፈተሽ፣ ከእነሱም ጠቆር ያሉት ቢያንስ ሁለት ወይም 15 በመቶ እንዲሆኑ ነበር። በጥር 2025 ያወጣው ረቂቅ ቢያንስ 150 ሰው ይላል። ሁለት ሰው! እዚህ አገር በየዋርዱ የተሰካው ኦክሲሜትር የማንን ቆዳ እያሰበ እንደሚያነብ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ጸሐፊው «ይህ ለእኛ አይደለም፣ እንተወው» ሲሉ የማልስማማው ስለዚህ ነው። ብንተወውም መሣሪያው መምጣቱን አይተውም፤ መጥቷል። የሚቀረው እኛ ሳንኖር የተለካ ሆኖ መምጣቱ ነው። ጋምቢያውያን አልተዉትም። ኬነባ በምትባል የገጠር መንደር ሕፃናት እናታቸው ጭን ላይ ተቀምጠው ያን የብርሃን ቆብ ደፍተው ተጠንተዋል፤ የአፍሪካ ሕፃናትን አንጎል በዚህ መንገድ ያጠና የመጀመሪያው ሥራ በ2014 ታተመ። ብራይት የተባለው ተከታይ ጥናት የኬነባንና የእንግሊዟን ካምብሪጅ ሕፃናት እስከ ሁለት ዓመታቸው ጎን ለጎን ተከታትሏል። ሊመልሱ የፈለጉት ጥያቄ ምግብ ማጣት የሕፃን አንጎልን መቼና እንዴት ይነካል የሚል ነው። ይህ ከሀብታም አገር ይልቅ የእኛ ጥያቄ ነው፤ ትልቁ የኤምአርአይ ማሽን ደግሞ ኬነባ አይገባም፣ ቆቡ ግን በመኪና ተጭኖ ገባ።

ባለፈው ጨረታ ላይ እኔ ባለሁበት መሥሪያ ቤት ኦክሲሜትር ሲገዛ የዝርዝር መግለጫው ላይ አንድ መስመር አስጨመርኩ፦ «አቅራቢው መሣሪያው ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የተፈተሸበትን ውጤት ያቅርብ»። ከኮሚቴው አንዱ «ማን ያመጣልሃል?» አለኝ። ከአራቱ አቅራቢዎች ሦስቱ ጥያቄውን ባዶ ተዉት። አራተኛው ከፋብሪካው አስጽፎ ሁለት ገጽ ወረቀት ይዞ መጣ፤ ስንት ሰው፣ በምን ዓይነት ቆዳ፣ ስሕተቱ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ። ዋጋው ከሁለተኛው ብዙም አይርቅም ነበር። የገዛነው የእሱን ነው።